የተመራማሪን የኅትመት መዝገብ ስለ ማንበብ

(በባዮሎጂ መምህራን፣ ተመራማሪዎችና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራንና የምርምር ባልደረቦቼ፣ ውድ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ ጥሪውን አክብራችሁ ከሩቅ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንደምን አደራችሁ።

አዘጋጆቹ የንግግሩን ርእስ ለእኔ ምርጫ ሲተዉልኝ፣ አዲስ የምርምር ውጤት ከማቅረብ ይልቅ በየቤተ ሙከራውና በየትምህርት ክፍሉ ዘወትር የምንነጋገርበትን፣ ነገር ግን ቆም ብለን ያልመረመርነውን አንድ ጉዳይ ማንሳት መረጥሁ። ጉዳዩ የአንድ ሳይንቲስት የኅትመትና የተጠቃሽነት መዝገብ ነው። ይህ ሰው ስንት ጽሑፍ አሳተመ? በየትኛው ጆርናል አሳተመ? ሌሎች ስንት ጊዜ ጠቀሱት? ዛሬ ቅጥር፣ የማዕረግ ዕድገት፣ የምርምር ገንዘብ፣ የውጭ ትምህርት ዕድል፣ ሁሉም በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ይወሰናሉ። እዚህ የተቀመጣችሁ ወጣቶች ነገ ማመልከቻ ስታስገቡ፣ ከእናንተ አስቀድሞ ወደ ክፍሉ የሚገባው መዝገባችሁ ነው።

የምከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው። የተመራማሪ መዝገብ በሰው ዓይን፣ ጽሑፍ በጽሑፍ፣ ከዘመኑና ከመስኩ ጋር ተገናዝቦ መነበብ አለበት እላለሁ፤ በተለይም ሽል እንዴት እንደሚያድግና ሕዋስ እንዴት እንደሚሠራ በምናጠናው በእኛ መስክ፣ ድምሩን ብቻ ያየ ሰው ዋናውን ነገር ሳያይ ያልፋል።

በመጀመሪያ ቁጥሮቹ ከየት እንደ መጡ ባጭሩ እናገራለሁ። ቀጥዬ ከመስካችን ታሪክ ጥቂት መዝገቦችን አብረን እንገልጣለን፤ ሰፊውን ጊዜ የምወስደው በዚህ ላይ ነው። በመጨረሻ ወደ ራሳችን ስምና ወደ ራሳችን ኮሚቴዎች እመለሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ነጥብ። ዩጂን ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ በ1955 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ሐሳብ አቀረበ። አንድ ጽሑፍ በእጃችን ሲገባ ከመጨረሻው ገጽ ያለውን ዝርዝር አይተን ጸሐፊው በማን ሥራ ላይ እንደ ተመሠረተ እናውቃለን፤ ይህ ወደ ኋላ መመልከት ነው። ጋርፊልድ የፈለገው ወደ ፊትም ማየት እንዲቻል ነበር፤ ማለትም ከዚህ ጽሑፍ በኋላ ማን ጠቀሰው፣ ማን አረመው፣ ማን ተቃወመው የሚለውን የሚያሳይ ማውጫ። በ1960ዎቹ በፊላደልፊያ ያቋቋመው ድርጅት ይህን ማውጫ ማተም ጀመረ። ኢምፓክት ፋክተር የሚባለውም ቁጥር የተወለደው ከዚሁ ሥራ ነው፤ ዓላማውም በማውጫው ውስጥ የሚገቡትን ጆርናሎች ለመምረጥ ማገዝ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፦ አንድ ጆርናል ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በዚህ ዓመት የተጠቀሱበት ብዛት ለጽሑፎቹ ብዛት ይካፈላል። ልብ በሉ፤ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ጆርናሉ ነው፤ የሚያየውም ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ይህን ሁለት ዓመት አትርሱብኝ፤ ቆየት ብዬ እመለስበታለሁ።

የአንድን ተመራማሪ ኅትመትና ተጠቃሽነት በአንድ ቁጥር የሚያሳየው ኤች ኢንዴክስ ደግሞ በ2005 ሆርሄ ሂርሽ በተባለ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ በሚሠራ የፊዚክስ ሊቅ የቀረበ ነው። አንድ ሰው ቢያንስ ሃያ ሃያ ጊዜ የተጠቀሱ ሃያ ጽሑፎች ካሉት ቁጥሩ ሃያ ይሆናል። በዚህ አሠራር አንድ ሰው ያለው አንድ ጽሑፍ ብቻ ከሆነ፣ ያ ጽሑፍ ዓለምን ቢለውጥም ቁጥሩ ከአንድ አያልፍም።

መጠቀስ ራሱ ምንን ይለካል? በሳይንስ ታሪክ እጅግ ብዙ ጊዜ የተጠቀሰው ጽሑፍ የትኛው ነው ብላችሁ ብትጠየቁ ምን ትመልሳላችሁ? ብዙ ሰው የዲ.ኤን.ኤ.ን ቅርጽ ወይም የአንስታይንን ሥራ ይገምታል። መልሱ ግን ኦሊቨር ላውሪና ባልደረቦቹ በ1951 ያሳተሙት፣ በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ያለ የፕሮቲን መጠን እንዴት እንደሚለካ የሚያስረዳ ጽሑፍ ነው። «ኔቸር» መጽሔት በ2014 ባወጣው ቆጠራ ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሶ ነበር። ላውሪ ለሁላችንም የሚጠቅም ሥራ ሠርቷል፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሠራ ሁሉ ባለ ዕዳው ነው። ነገር ግን ያ ቁጥር የሚነግረን ፕሮቲን የለካ ሰው ሁሉ ዘዴውን መጥቀስ እንደነበረበት ነው። መጠቀስ በመጀመሪያ ደረጃ አገልግሎትን ያሳያል፤ የሐሳብን ጥልቀት ከዚያ ላይ ልናነብ ስንሞክር ሌላ ማስረጃ ያስፈልገናል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። የመጀመሪያው መዝገብ የአንዲት ወጣት ነው።

በጀርመን አገር በፍራይቡርግ፣ በሐንስ ስፔማን ቤተ ሙከራ ሂልደ ማንጎልድ የምትባል የዶክትሬት ተማሪ ነበረች። የምትሠራው ኒውት በሚባሉ፣ መልካቸው እንሽላሊት በሚመስል የውሃ እንስሳት ሽሎች ላይ ነበር። ከአንዱ ዝርያ ሽል፣ ወደፊት ጀርባ ከሚሆነው በኩል፣ ጥቂት ሕዋሳት ቆርጣ በሌላ ዝርያ ሽል የሆድ በኩል ትተክላለች። አንደኛው ዝርያ ቀለም የሌለው፣ ሁለተኛው ባለ ቀለም በመሆኑ የትኛው ሕዋስ ከማን እንደ መጣ በማይክሮስኮፕ መለየት ይቻላል። የታየው ነገር አስደናቂ ነበር፤ በተተከለበት ሥፍራ ሁለተኛ የሰውነት ዘንግ፣ አከርካሪና ነርቭ ያለው ሁለተኛ ሽል ማለት ይቻላል፣ በቀለ። ያ ሁለተኛ አካል በአብዛኛው የተሠራው ከተቀባዩ ከራሱ ሕዋሳት ነበር። የተተከሉት ጥቂት ሕዋሳት ጎረቤቶቻቸውን አዝዘው፣ ሆድ ሊሆኑ የነበሩትን ነርቭና አከርካሪ እንዲሆኑ አድርገዋቸዋል። ሥፍራው እስከ ዛሬ ኦርጋናይዘር ተብሎ ይጠራል።

በዘመኑ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ስላልነበረ ከተሠሩት ሽሎች አብዛኞቹ ይሞቱ ነበር። በጽሑፉ ውስጥ በዝርዝር የቀረቡት ስድስት ሽሎች ብቻ ናቸው። ዛሬ ስድስት ናሙና ይዘን ብንሄድ የጆርናል ገምጋሚዎች ምን ይሉን ይሆን? ጽሑፉ በ1924 ታተመ፤ የዶክትሬት ሥራዋ ቢሆንም የስፔማን ስም ቀድሞ፣ የእርሷ ስም ተከትሎ። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር በቤቷ ውስጥ በደረሰ የማሞቂያ ፍንዳታ ተቃጥላ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሳይሞላት አረፈች። ስፔማን በ1935 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

የሂልደ ማንጎልድን መዝገብ ዛሬ ብንከፍት ምን እናገኛለን? ስሟን የያዙ ሥራዎች በአንድ እጅ ጣቶች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ስለዚህ ኤች ኢንዴክሷ ከአምስት ሊበልጥ አይችልም። ከዚያ በላይ የሚያስገርመው ከጽሑፉ በኋላ የሆነው ነው። በ1930ዎቹ ብዙ ቤተ ሙከራዎች ያ ትእዛዝ በምን ኬሚካል እንደሚተላለፍ ለማወቅ ተሯሯጡ፤ ነገር ግን የሞተ ሕብረ ሕዋስ ሳይቀር፣ ግንኙነት የሌላቸው ብዙ ነገሮች ተመሳሳይ ውጤት ስለሰጡ ፍለጋው ተስፋ አስቆረጠ፤ መስኩም ለአሠርት ዓመታት ቀዘቀዘ። መልሱ መምጣት የጀመረው በ1990ዎቹ ነው። በ1992 በርክሊ ውስጥ ኖጊን የሚባለው፣ በ1994 ደግሞ በሎስ አንጀለስ በኤድዋርዶ ዴ ሮበርቲስ ቤተ ሙከራ ኮርዲን የሚባለው ፕሮቲን ተገኘ። ሁለቱም ከኦርጋናይዘሩ ሕዋሳት ወጥተው ሌላ ምልክት ሰጪ ፕሮቲንን የሚያግዱ መሆናቸው ከዚያ በኋላ ታወቀ። በጥያቄውና በመልሱ መካከል ሰባ ዓመት አለ። በእነዚህ ሰባ ዓመታት መካከል፣ በተለይ መስኩ በቀዘቀዘበት ጊዜ፣ ማንም ገምጋሚ የጥቅሱን መስመር ቢመለከት «ይህ ሥራ ወደ ኋላ ቀርቷል» ብሎ በፈረደ ነበር። አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል፤ ግኝቱ የመማሪያ መጽሐፍ አካል ስለሆነ ኦርጋናይዘር የሚለውን ቃል በየዕለቱ የሚጽፉ ሰዎች የ1924ቱን ጽሑፍ መጥቀስ እንደሚያስፈልጋቸው እንኳ አያስቡም። ሥራው ሲሰፋ ጥቅሱ ይቀንሳል ማለት ነው።

ሁለተኛው መዝገብ የጆን ሰልስተን ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ ምክንያቱም በእኔ የትምህርት ሕይወት ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው።

ሲድኒ ብሬነር በ1963 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ፣ በሞለኪውል ባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሆኖ፣ የነርቭ ሥርዓትንና የሽልን ዕድገት በአንድ ቀላል እንስሳ ላይ ለማጥናት ሐሳብ አቀረበ። የመረጠው እንስሳ አንድ ሚሊ ሜትር የሚያህል፣ ገላው ብርሃን የሚያሳልፍ፣ በአፈር ውስጥ የሚኖር ሲ. ኤሌጋንስ የሚባል ትል ነው። የዚህን ትል ዘረ መል ጥናት መሠረት የጣለው ዋናው ጽሑፉ የወጣው በ1974 ነው፤ ከሐሳቡ እስከ ጽሑፉ አሥራ አንድ ዓመት! ዛሬ በየዓመቱ የሥራ ሪፖርት የምናቀርብ ሰዎች ይህን አሥራ አንድ ዓመት በምን ሣጥን ውስጥ እንሞላው ነበር?

ሰልስተን በ1969 ወደዚያ ቤተ ሙከራ ገባ። ሥራው ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ትሉ ከአንዲት ሕዋስ ተነሥቶ ሙሉ አካል እስኪሆን እያንዳንዷ ሕዋስ መቼ ተከፈለች፣ ወዴት ሄደች፣ ምን ሆነች የሚለውን በዓይን ተከታትሎ መመዝገብ ነው። ከእንቁላሉ ውጭ ያለውን ዕድገት ከሮበርት ሆርቪትስ ጋር በ1977 አሳተሙ። ከዚያ ይበልጥ ከባዱ፣ በእንቁላሉ ውስጥ ያለው ዕድገት ቀረ። በእንቁላሉ ውስጥ ሕዋሳቱ እየተደራረቡ፣ እየተንቀሳቀሱ፣ በየደቂቃው እየተከፈሉ ስለሚሄዱ በካሜራ ቀርጾ መለየት አስቸጋሪ ነበር። ሰልስተን ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ለአራት ሰዓታት ማይክሮስኮፕ ላይ ተቀምጦ በዓይኑ አየ፤ በእጁ ሣለ። ጽሑፉ በ1983 በአራት ሰዎች ስም ወጣ። የአዋቂው ትል የሰውነት ሕዋሳት 959 መሆናቸው፣ ከእነዚህም 302ቱ የነርቭ ሕዋሳት መሆናቸው፣ በዕድገት ጊዜ ደግሞ 131 ሕዋሳት በታወቀ ሰዓትና በታወቀ ሥፍራ ራሳቸው እንደሚሞቱ እነዚህ ተከታታይ ጥናቶች አሳዩ።

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሳለሁ የዚህን ጽሑፍ ፎቶ ኮፒ አንድ መምህሬ ሰጡኝ። የሕዋሳቱ የትውልድ ሐረግ ብዙ ገጽ ስለሚይዝ ገጾቹን በፕላስተር አያይዤ በቤተ ሙከራው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋቸው። መምህሬ መጥተው ከጎኔ ቆሙና ጣታቸውን በአንዲት መስመር ላይ አድርገው፣ «ይህች መስመር እዚህ ላይ ለምን ቆመች?» ብለው ጠየቁኝ። ሕዋሷ የሞተችበት ቦታ ነበር። «እንግዲህ ከዚህ መስመር ማቆሚያ ላይ ስንት ሰው ሥራ እንዳገኘ ሄደህ አንብብ» አሉኝ። ያን ጊዜ ትርጉሙ ሙሉ በሙሉ አልገባኝም ነበር። ሄጄ ሳነብ ግን፣ ሆርቪትስና ተማሪዎቹ ሕዋሳቱ እንዲሞቱ የሚያዝዙትን ዘረ መሎች ከዚያ ትል ውስጥ እንዳገኙ፣ ከእነዚህም አንዱ ከሰው ዘረ መል ጋር እንደሚመሳሰል በ1993 እንደ ታወቀ ተረዳሁ። ለዚህ ዓይነቱ ሥርዓት ያለው የሕዋስ ሞት የተሰጠው አፖፕቶሲስ የሚለው ስያሜ በ1972 በአንድ የካንሰር ጥናት መጽሔት ላይ ሲወጣ ብዙ ሰው አላስተዋለውም ነበር፤ የትሉ ሥራ ከመጣ በኋላ ግን ያ ጽሑፍ እንደገና ሕይወት ዘራ፤ ጥቅሱም በሺዎች እየተቆጠረ አደገ። ብሬነር፣ ሆርቪትስና ሰልስተን በ2002 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

የሰልስተን የትል ጽሑፎች ጥቂት ናቸው። ከተመሳሳዩ ቤተ ሙከራ የወጣ አንድ ሌላ ሥራ ልጨምር፤ ጆን ዋይትና ባልደረቦቹ የዚያን ትል የነርቭ ሕዋሳት በሙሉ፣ እርስ በርስ እንዴት እንደሚገናኙ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተከታትለው በ1986 አሳተሙ። ጽሑፉ 340 ገጽ ነው። በቆጠራ ጊዜ ግን ስንት ይባላል? አንድ! ከጸሐፊዎቹ መካከል ደግሞ በዚያ ቤተ ሙከራ በቴክኒክ ሙያ የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ ስማቸውም በክብር ተጽፏል። የጸሐፊዎችን ዝርዝር ስናነብ ይህንንም ማየት አለብን። በእኛ መስክ ልማድ የመጀመሪያው ስም ሙከራውን በእጁ የሠራው፣ የመጨረሻው ስም ቤተ ሙከራውን የሚመራው ነው፤ በሌሎች መስኮች ግን ልማዱ ይለያል፤ አንድ ኮሚቴ ይህን ሳያውቅ ነጥብ ቢሰጥ ፍርዱ ይዛባል።

ስለ ጊዜ አንድ ነገር ልናገር፤ ከዋናው ሐሳቤ አይርቅም። የዕድገት ባዮሎጂን ሳስተምር ለተማሪዎቼ የዶሮ ሽል አሳያለሁ። ከትልልቅ እርባታዎች የሚመጣው እንቁላል ዶሮዎቹ ያለ አውራ የሚጥሉት በመሆኑ ሽል አይገኝበትም፤ ስለዚህ አውራ ዶሮ ካለበት ቤት የመጣ የሐበሻ ዶሮ እንቁላል እንፈልጋለን። በማሞቂያው ውስጥ ካስገባነው በኋላ በሁለተኛው ቀን ማብቂያ ላይ ቅርፊቱን በጥንቃቄ ስንከፍት የሽሉ ልብ ስትመታ ትታያለች። አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ «መምህር፣ ሙቀቱን ብንጨምረው አይፈጥንልንም?» ብላ ጠየቀችኝ። ከልኩ በላይ ቢጨምር ሽሉ ይበላሻል አልኋት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን አባባል በየቀኑ የሚኖሩት የእኛ መስክ ሰዎች ናቸው። ሽልን የሚያጠና ሰው የኅትመቱን ፍጥነት በከፊል የሚወስንለት ሽሉ ነው። በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ የሚከፈል እርሾ የሚያጠናውንና ዓመት የሚፈጅ እንስሳ የሚያጠናውን ሰው በአንድ ሰንጠረዥ ላይ አስቀምጦ በዓመት ስንት ጽሑፍ ብሎ መጠየቅ ፍትሕ አይደለም።

ቅድም አትርሱብኝ ወዳልኋችሁ ሁለት ዓመት ልመለስ። የሦስተኛው መዝገብ ባለቤት ጆን ገርደን ነው። በአሜሪካ ብሪግስና ኪንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1952 የእንቁራሪት እንቁላልን ኒውክለስ፣ ማለትም ዘረ መሉን የያዘውን የሕዋሱን ማዕከል፣ አውጥተው የሌላ ሕዋስ ኒውክለስ በመተካት ሽል እንዲያድግ ማድረግ ችለው ነበር፤ ነገር ግን ኒውክለሱ የተወሰደበት ሽል በዕድሜ እየገፋ ሲሄድ ሙከራው እየከሸፈ ሄደባቸው። ከዚህ ተነሥቶ ብዙ ሰው የደረሰ ሕዋስ ወደ መጀመሪያው የመመለስ ችሎታውን ያጣል ብሎ ያምን ነበር። ገርደን በኦክስፎርድ ዜኖፐስ በሚባለው የአፍሪካ እንቁራሪት ላይ ሠራ። ከእንቁራሪት ግልገል አንጀት ሕዋስ ኒውክለስ እየወሰደ፣ የራሱ ኒውክለስ በጨረር በተገደለበት እንቁላል ውስጥ ጨመረ። ከ726 ሙከራዎች ውስጥ 10 ብቻ፣ ማለትም ከመቶ ሁለት የማይሞሉ፣ በልተው የሚዋኙ ጤነኛ ግልገሎች ሆኑ። ይህንም በ1962 አሳተመ።

ብዙ ባለሙያዎች ተጠራጠሩ፤ ምክንያታቸውም ከንቱ አልነበረም፤ ውጤቱ ጥቂት ነበር፤ ቀደም ብለው ከተከበሩ ሰዎች ሥራ ጋርም ይጋጭ ነበር። ገርደን በ1966 ከእነዚያ ኒውክለሶች የመጡ፣ መውለድ የሚችሉ አዋቂ እንቁራሪቶችን አሳየ። በዚሁ መንገድ ከአዋቂ በግ ሕዋስ የተገኘችው ዶሊ የተባለችው በግ ኤዲንብራ አጠገብ በሮዝሊን ተቋም የተወለደችው በ1996 ነው፤ በዚያ ሥራ 277 ጊዜ ተሞክሮ አንዲት በግ ብቻ ተገኘች። በ2006 ደግሞ በጃፓን በኪዮቶ ካዙቶሺ ታካሃሺና ሺንያ ያማናካ ከ24 ዘረ መሎች ተነሥተው፣ አንድ አንዱን እየቀነሱ፣ አራት ዘረ መሎች ብቻ የአይጥን የቆዳ ሕዋስ ወደ ሽል መሰል ሕዋስ እንደሚመልሱት አሳተሙ። ያማናካ የተወለደው በ1962፣ የገርደን ጽሑፍ በታተመበት ዓመት ነው። ሁለቱ በ2012 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

እስቲ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የያማናካው ጽሑፍ ወዲያውኑ ነበር የተነሣው፤ በዓመቱ በሰው ሕዋስ ላይ ተደገመ፤ ዛሬ ከ20,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። የገርደኑ ጽሑፍ የወጣበት ጆርናል የሽል ጥናት ባለሙያዎች ብቻ የሚያነቡት ነበር። የሁለት ዓመቱ መስኮት ለገርደን የተዘጋው በ1964 ነው። ያ መስኮት ሲዘጋ ዶሊ ለመወለድ ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ የኪዮቶው ጽሑፍ ለመታተም አርባ ሁለት ዓመት ቀርቷቸው ነበር። ታዲያ የትኛው ይበልጣል? እኔ ይህ ጥያቄ ራሱ ስሕተት ነው እላለሁ። የያማናካን መዝገብ በትክክል ያነበበ ሰው ገርደንን ያገኛል፤ ገርደንን ያነበበ ብሪግስንና ኪንግን ያገኛል። ጋርፊልድ ማውጫውን የሠራው እኮ ይህን ጉዞ እንድንሄድ ነበር።

ከፍተኛ ጥቅስ ሁልጊዜ ምስጋና አለመሆኑንም ሳልጠቅስ አላልፍም። በ2014 በጥር ወር ከጃፓን ኮቤ የወጡና በ«ኔቸር» የታተሙ ሁለት ጽሑፎች፣ ተራ ሕዋስን በአሲድ በማስጨነቅ ብቻ ወደ ሽል መሰል ሕዋስ መመለስ ይቻላል ብለው ዓለምን አስደነቁ። ሌሎች ቤተ ሙከራዎች መድገም አቃታቸው፤ ምስሎቹ ላይ ችግር ተገኘ፤ በሐምሌ ወር ጽሑፎቹ ተሰረዙ። ከዚያ በኋላ የመጡት ጥቅሶች ብዙዎቹ ሥራው እንዴት እንደ ፈረሰ የሚያስረዱ ናቸው። ቁጥሩ ግን ይህን አይለይም፤ ወቀሳውንም ውዳሴውንም አንድ አድርጎ ይደምራል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነጥብ፣ ወደ ራሳችን።

ውድ ተማሪዎች፣ መዝገባችሁ የሚጀምረው ከስማችሁ ነው። የእኛ ስም የራስ ስምና የአባት ስም ነው፤ የቤተሰብ መጠሪያ የለንም። በአገራችን የምርምር ጽሑፎች ውስጥ አበበ ከበደ የተባለን ጸሐፊ አበበ ከበደ ብለን እንጠቅሳለን፤ ተገቢም ነው። የውጭ ጆርናልና የመረጃ ቋት ግን የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስዳል፤ አንዳንዱ አበበን፣ አንዳንዱ ከበደን፣ ሦስተኛው የአያቱን ስም ይይዛል። በላቲን ፊደል ስንጽፈው ደግሞ ፀሐይ የሚለው አንድ ስም በአራት ዓይነት ይጻፋል። የአንድ ሰው ሥራ በሦስት በአራት ሰዎች ስም ይበታተናል፤ ወይም የሁለት የተለያዩ ሰዎች ሥራ በአንድ ስም ይጠራቀማል። አንዲት ባልደረባዬ ለውጭ የምርምር ድጋፍ ስታመለክት ከጽሑፎቿ ግማሽ ያህሉ በመዝገቧ ላይ አልታዩም ነበር፤ ምክንያቱ የስሟ አጻጻፍ ብቻ ነበር። ስለዚህ አደራ፤ የመጀመሪያውን ጽሑፋችሁን ከመላካችሁ በፊት ስማችሁን እንዴት እንደምትጽፉ ወስኑ፤ ከዚያም አትለውጡት። ኦርኪድ የሚባለውን፣ በ2012 የተጀመረውን የተመራማሪዎች መለያ ቁጥር በነጻ አውጡ፤ በጉግል ስኮላር ላይ ያለውን ገጻችሁንም ተከታተሉ፤ የእናንተ ያልሆነ ሥራ በስማችሁ ተመዝግቦ ካገኛችሁ አውጡት። ሰው ያልሠራውን ሥራ በስሙ ተሸክሞ መሄድ የለበትም።

ወደ መምህራኑና ወደ ኃላፊዎቹ ልዙር። ከዓመታት በፊት በአንድ የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። የሁለት ሰዎች ማኅደር ቀረበ። አንደኛው ረጅም የጽሑፍ ዝርዝር ነበረው፤ ሁለተኛው ሦስት ብቻ። ነጥቡ ተደምሮ ውጤቱ ሊጸድቅ ሲል በዕድሜ የሁላችን ታላቅ የሆኑ ፕሮፌሰር እጃቸውን አነሡና «ከእነዚህ ጽሑፎች አንዱን ያነበባችሁ አላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ክፍሉ ዝም አለ። እርሳቸው ሳይቆጡ፣ ጽሑፎቹን ተከፋፍለን አንብበን በሳምንቱ እንድንገናኝ ሐሳብ አቀረቡ። በሳምንቱ የነበረው ውይይት የመጀመሪያውን አይመስልም። በረጅሙ ዝርዝር ውስጥ አንድ መረጃ በሁለት ርእስ ተከፍሎ የታተመበት፣ አንዳንዱም ገንዘብ ለከፈለ ሁሉ በሚያትሙ ጆርናሎች የወጣ ሆኖ ተገኘ። ሦስቱ ጽሑፎች ግን ለዓመታት በጥንቃቄ የተሠሩ ነበሩ፤ አንደኛውን በሌላ አገር ያሉ ተመራማሪዎች እንደ መነሻ ወስደው ሥራቸውን ቀጥለውበት ነበር። ኮሚቴው ያንን ውሳኔ የወሰደው ስላነበበ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ገርደንና ያማናካ ሽልማታቸውን በተቀበሉበት በዚያው በ2012 ታኅሣሥ ወር፣ የአሜሪካ የሕዋስ ባዮሎጂ ማኅበር በሳን ፍራንሲስኮ ባደረገው ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የጆርናል አዘጋጆችና አሳታሚዎች ተሰባስበው ተወያዩ። ከዚያ ውይይት የወጣው የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫ በ2013 በግንቦት ይፋ ሆነ። ዋናው ቃሉ፣ የአንድን ጽሑፍ ጥራት ወይም የአንድን ሰው ብቃት በጆርናሉ ኢምፓክት ፋክተር መመዘን ይቅር የሚል ነው። ይህን መግለጫ ያስጀመሩት የሕዋስ ባዮሎጂ ሰዎች መሆናቸው ለእኔ ትልቅ ኩራት ነው። የመስካችንን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ሌላ ነገር ሊል አይችልም።

ስለዚህ ለዚህ ስብሰባ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የማዕረግ ዕድገት የሚጠይቅ ሰው ሙሉ ዝርዝሩን ያቅርብ፤ ከዝርዝሩ ውስጥ ግን ራሱ የመረጣቸውን ሦስት ጽሑፎች ለይቶ፣ በእያንዳንዱ ውስጥ እርሱ በእጁ ምን እንደ ሠራ፣ ሥራው ምን ጥያቄ እንደ መለሰና ከዚያ በኋላ ማን እንደ ተጠቀመበት በአንድ ገጽ በአማርኛም ይሁን በእንግሊዝኛ ይጻፍ። ከኮሚቴው ሁለት አባላት ሦስቱንም ጽሑፎች አንብበው ግማሽ ግማሽ ገጽ አስተያየት ያቅርቡ፤ አስተያየታቸውም ለአመልካቹ ይድረሰው። ቁጥሮቹ ከዚያ በኋላ ይታዩ፤ እኔ ይጣሉ አላልሁም፤ አንድ ሥራ ወዴት እንደ ተጓዘ ለመፈለግ መነሻ ይሆናሉ። ጊዜ ይወስዳል ትሉኝ ይሆናል። አዎን፣ ይወስዳል። ይሁንና አንድ ሰው አሥር ዓመት የደከመበትን ሥራ ለመመዘን ሁለት ቀን መስጠት ይበዛል ወይ?

የዚህን ሐሳብ ረቂቅ አባዝቼ ይዤ መጥቻለሁ፤ በመግቢያው በር ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ። ከሰዓት በኋላ ባለው ውይይት እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል አስተያየቱን ቢሰጥበትና ጉድለቱን ቢያርመው ደስ ይለኛል። ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።